መቀመጥ ስለሚያመጣው ሕመምና ቤት ለቤት ስለሚሄደው ጎብኚ

በላምበረት አገር አቋራጭ መናኸሪያ ማለዳ የተገኘ ሰው በአንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ ይመለከታል። ሹፌሩ መሪውን ከጨበጠ በኋላ ለረጅም ሰዓት ከወንበሩ አይነሣም፤ ረዳቱ ግን ተሳፋሪ ይጠራል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱ የሚሄዱት አንድ መንገድ ቢሆንም የሰውነታቸው ውሎ ለየቅል ነው።

ይህ ልዩነት በጤና ላይ ምን ያህል እንደሚመዝን ቀድሞ የታየው በለንደን ከተማ አውቶቡሶች ላይ ነበር። ጄሪ ሞሪስ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሹፌሮችን፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ቲኬት ከሚቆርጡት የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር አነጻጸሩ። የልብ ደም ሥር በሽታ በቲኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ፣ ሲይዛቸውም ቀለል ያለ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ቆይቶ የደንብ ልብሳቸው ልክ ሲመረመር ሹፌሮቹ ከመነሻውም ወገባቸው ሰፋ ያለ መሆኑ ስለታወቀ፣ ልዩነቱ ሁሉ ከመቀመጥ የመጣ ነው ማለት አልተቻለም። ይሁን እንጂ በእግር እየዞሩ ደብዳቤ የሚያድሉት የፖስታ ሠራተኞች በጽሕፈት ቤት ከሚውሉት ጋር ሲነጻጸሩም ውጤቱ ወደዚያው ያመለክት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም አጽንተውታል።

በአገራችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 16 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የደም ግፊት ክፋቱ ዝምታው ነው። ራስ አያዞርም፣ ምግብ አይከለክልም፤ ሰውየው «ደኅና ነኝ» እያለ ሥራውን ይሠራል። አንድ ሌሊት ግን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይላል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል። ሰበካ ጉባኤ ስለ እርሱ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰቡ ራስ አልጋ ከያዘ፣ ልጆቹም ርዳታ ከጠየቁ በኋላ ነው። ለነዳያን ከምናወጣው ገንዘብ ስንቱ በጊዜ ሊገታ ይችል ለነበረ ሕመም እንደሚውል እያንዳንዱ አጥቢያ መዝገቡን ገልጦ ቢመለከት መልካም ነው።

የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳርን ይስባል፤ የደም ሥርን ያላላል፤ ልብም በጥቂት ምት ብዙ ደም እንዲረጭ ያስለምዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። መካከለኛነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ የሚራመደው ሰው መናገር እየቻለ መዘመር ካቃተው ልኩ ያ ነው። ከመገናኛ ወደ ላምበረት ለሚመለስ ጤነኛ ሰው ታክሲ ተሰልፎ ከመጠበቅ በእግር ማዝገም ለዚህ ይበቃል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነጻ የእሑድ መርሐ ግብርም ይህንኑ ለማስለመድ የታሰበ ነበር።

አንዳንድ ምእመናን «ስግደታችን አይበቃም ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ስግደት አምልኮ ነው፤ በደቂቃ አንለካውም። ሰውነትን እንደሚያሠራ ግልጽ ቢሆንም በሰሙነ ሕማማት ብዙ ሰግዶ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ለልቡ ብዙም አላተረፈም። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እግዚአብሔርን መምሰልን ከሰውነት ልምምድ እጅግ አብልጧል፤ ልምምዱን ግን ከንቱ አላለውም።

ይህን ትምህርት ወደ ቤቶች የሚያደርሰው ማን ነው? መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን በ1995 ዓ.ም. በገጠር፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በከተማ ጀምሯል። በከተማ የተመደቡት ነርሶች ሆነው ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ እኅቶች ናቸው። አንዲቱ ባለሙያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ትከታተላለች፤ በቀን በር ስታንኳኳ አባወራው ሥራ ላይ ነው፤ ግቢው ዝግ ነው፤ ዘበኛው ይመልሳታል። ለንስሐ አባት ግን በሩ ይከፈታል። በእኛ አስተያየት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሥራ የምታበረክተው ትልቁ ነገር ገንዘብ ሳይሆን ይህ የተከፈተ በር ነው።

በኤች አይ ቪ ዘመን ይህ ታይቷል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ በይፋ ሲያስተምሩ፣ ሐኪም ቢናገረው የማይሰማ ሕመምተኛም ቃሉን ሊሰማ ችሏል። በዚያ ጊዜ ካህናትና በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው ድውያንን በየቤታቸው ይጎበኙ ነበር። ያ ልምድ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታም ያገለግላል።

እንግዲህ ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከማኅበራትና ከዲያቆናት መካከል የሚመረጡ ጎብኚዎች በወረዳው ጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲሠለጥኑ፣ አብዛኛው ሰዓት ሊሰጥ የሚገባው ለግፊት አለካክ ነው። በትክክል ያልተለካ ግፊት ጤነኛውን ያስደነግጣል፣ ሕመምተኛውን ያዘናጋል። የሚለካው ሰው ቀደም ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና ያልጠጣ፣ ሽንቱን የተሸና፣ አምስት ደቂቃ በጸጥታ የተቀመጠ ይሁን። ጀርባው ይደገፍ፤ እግሮቹ ሳይነባበሩ መሬት ይርገጡ፤ ክንዱ ከልብስ ተራቁቶ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በልኬት መካከል ወሬ አያስፈልግም፤ ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይከብዳል። ጥቂት ቆይቶ ይደገም። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጎብኚው «ታመሃል» አይበል፤ በሌላ ቀን እንዲለካ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር ወይም ብርቱ የደረት ሕመም ካለ ግን ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ጎብኚ መድኃኒት አያዝም፣ አያስቆምም። በተለይ በዐቢይ ጾም መግቢያ የስኳር ሕመምተኞች ለማንም ሳይነግሩ መድኃኒታቸውን ይተዋሉ፤ ወይም ሳይበሉ ይወስዱና ራሳቸውን ይስታሉ። ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ሰው ከጾም ዕረፍት እንደሚሰጥ ካህናት ያውቃሉ፤ ብዙ ምእመናን ግን አልሰሙም። ስለዚህ ጎብኚው እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ ወደ ሐኪሙ፣ ቀጥሎም ወደ ንስሐ አባቱ ይምራው። የንስሐ አባቱም ከጾሙ መግቢያ በፊት ቢያነጋግረው ይመረጣል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ በክንድ ላይ የሚታሰር አንድ የግፊት መለኪያ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸጥ ያለ አንድ ክፍል፣ ከጤና ጣቢያው ጋር የተጻፈ ስምምነት። መዝገቡ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ፤ ከጎብኚውና ከጤና ባለሙያው በቀር ማንም አይየው። መጀመሪያ የሚለኩት ግን ካህናቱና የሰበካ ጉባኤ አባላቱ ራሳቸው ይሁኑ፤ በጽሕፈት ቤት ብዙ የምንቀመጠው እኛ ነንና።