ዘበኛው የየት አገር ሰው ነው?

የእህቴ ልጅ፣ ስክሪፕትሽ ሰቆጣ ደርሶኝ ሁለት ሌሊት አነበብኩት። ዘረፋው፣ ጩቤው፣ የመርካቶው ጓሮ ደህና ነው። ስለ ከተማ ሌብነት እኔ ምን አውቄ፤ የማውቀው የፍየል ሌባ ብቻ ነው። ምክሬ ለዘራፊዎቹ በሩን ስለሚከፍተው ዘበኛ ነው።

1. «ከገጠር የመጣ» ብለሽ አትለፊው። ገጠር የሚባል አገር የለም። የዝቋላ ሰው ከሆነ ዝቋላ በይ። መቼም አዲስ አበባ ላይ ዝቋላ ሲባል የሁሉም ሐሳብ የሚሄደው ደብረ ዘይት አጠገብ ወዳለው ወደ አቦ ተራራ ነው። አሠሪዎቹም እንደዚያው ይሳሳቱ። «የዋጉ ነው፣ ተከዜ ዳር ያለው» ብሎ አንዴ ያርማቸው፤ ሁለተኛ ሲሳሳቱ «አዎ» ብሎ ዝም ይበል።

2. አፉን አትዝጊበት። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ገብቼ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ያለው ዘበኛ ገና አንድ ቃል ሲተነፍስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምንም የሚያስቅ ነገር አልተናገረም፤ ሰው የሳቀው በአነጋገሩ ነው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከጎኔ የነበረው ወጣት ዞር ብሎ «አባባ፣ እርስዎስ የየት አገር ሰው ነዎት?» ሲለኝ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ያንቺ ዘበኛ ማታ ሚስቱን በስልክ ሲያናግር በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና ይናገር፣ ከሥር አማርኛው ይጻፍ። የአማራ ሚዲያ (አሚኮ) በኽምጣና ያሰራጫል፣ ልጆቻችን ይማሩበታል፤ ፊልም ላይ ምን ይከለክለዋል? በአማርኛ የሚንተባተበው ሰውዬ በራሱ ቋንቋ ተረበኛ ሆኖ ይገኝ። ተመልካቹ ያን ጊዜ ማን ላይ ሲስቅ እንደነበር ይወቅ።

3. ቅዱስም አታድርጊው። የእኛ ሰው ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ከሆነ ያው ስድብ ነው። በሩን ይክፈት፣ ድርሻውንም ይቀበል። ሄርሞን ኃይላይ እ.ኤ.አ. በ2015 «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» በተባለው ፊልሟ ባለታክሲውንና ሴተኛ አዳሪዋን እንዴት እንደያዘቻቸው እዪ፤ ታክሲው ይሰረቃል፣ ነገር ይበላሻል፣ ሄርሞን ግን ስብከት ውስጥ አትገባም።

ብቻ ምክንያቱን ረሃብ አታድርጊብኝ። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ ደርግ የቤተ መንግሥት ድግስ እየሰነቀረበት። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ዋግ ያኔ የወሎ አውራጃ ነው። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። ያየው ሁሉ ስለ ጃንሆይ አወራ፤ እነዚያ የተራቡት እነማን እንደነበሩ የጠየቀ ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም። በ77ቱ ረሃብም ካሜራ ኮረም ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህ የዋግ ሰው ስክሪን ላይ ከወጣ ወይ ይራባል ወይ በር ይጠብቃል። ያንቺው ዘበኛ ቀንቶ ይክፈት፣ ተንቆ ይክፈት፣ ቁማር በልቶት ይክፈት።

4. በስክሪፕትሽ ያለችው መርማሪስ ለምን የሰቆጣ ልጅ አትሆንም?

5. የብራዚሉን «ሲቲ ኦፍ ጎድ» ካላየሽ ፈልገሽ እዪ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው። አብዛኞቹ ተዋንያን ተዋናይ አልነበሩም፤ ከሪዮ ድሃ ሰፈሮች ተመርጠው ለወራት የሠለጠኑ ወጣቶች ናቸው። አንቺም የሰፈርሽን በር ሁሉ አንኳኪ፤ ኽምጣና የሚችል ዘበኛ አታጪም። ገንዘቡን ግን እንደ ተዋናይ ክፈይው።

6. ይቺ ትንሽ ናት። ዘበኛው በሐምሌ ሌሊት በስስ ኮት ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል ብለሻል። የዝቋላን ቆላ የለመደ ሰው የአዲስ አበባን ክረምት በኮት አይችለውም። ጋቢ ስጪው፤ ከቻልሽ ሁለት።