የመጀመሪያዎ የኮይ ኩሬ፦ በጥቅምት ቁፋሮ፣ በጥር ዓሣ

ኮይ ለማርባት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ዓሣውን በላስቲክ ይዞ ይመጣና ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ጉድጓዱ ካለቀ በኋላ ስለ ውኃው ማሰብ ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ መሆን አለበት። መጀመሪያ ውኃው ይዘጋጃል፤ ዓሣው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ከቁፋሮ እስከ መጀመሪያው ዓሣ ሦስት ወር ያህል ይመድቡ። አዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተሞች ውስጥ ለምንኖር አመቺው ወቅት ግልጽ ነው፦ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ገና ሳይጠነክር በጥቅምት ይቆፈራል፣ በኅዳር ውኃ ይሞላል፣ በጥር ዓሣ ይገባል።

ኮይ የጌጥ ዓሣ ቢባልም ዘሩ የገበሬ ዓሣ ነው። በዝዋይና በቆቃ ከሚጠመደው ካርፕ ጋር አንድ ወገን ነው። በጃፓን የኒጋታ ተራራማ መንደሮች ሩዝ አምራቾች ለምግብ ከሚያረቡት ካርፕ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ አልፎ አልፎ ቀለም ያለው ጫጩት ይወጣ ጀመር። ገበሬዎቹ እየመረጡ አራቡት፤ በ1914 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ላይ ከቀረበ በኋላ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ነጭ ሆኖ ቀይ ጥለት ያለው ኮሃኩ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተጨመረበት ሳንኬ፣ ጥቁሩ የሚበዛበት ሾዋ የሚባሉት ዝርያዎች ሁሉ የመጡት ከዚያ ነው። ይህን የማነሳው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ዛሬ ጣትዎን የሚያክለው ዓሣ በጥሩ ኩሬ ውስጥ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከ20 ዓመት በላይም ይኖራል። ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል። የኩሬው ልክ የሚወሰነው በዚያ ትልቅ ዓሣ ነው።

ቦታ መምረጥ

ሳሎን ተቀምጠው የሚያዩት ቦታ ይሁን። ዘወትር ዓይንዎ የሚያርፍበት ኩሬ ችግሩ ቶሎ ይታያል። የቀኑን ግማሽ ፀሐይ፣ ግማሹን ጥላ ቢያገኝ መልካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ኩሬ በበጋ አረንጓዴ ሾርባ ይመስላል። ከዛፍ ሥር ግን አይሁን፤ በተለይ ከባሕር ዛፍ ይራቁ። ቅጠሉ ውኃው ውስጥ ይበሰብሳል፣ ሥሩም የኩሬውን ላስቲክ ይበሳል።

የግቢው ዝቅተኛ ቦታም አይሆንም። ውኃ ወደዚያ ስለሚሄድ ሰው ለኩሬ ተስማሚ ይመስለዋል። ሐምሌ ላይ ግን የግቢው ጭቃ፣ የልብስ እጥበት ሳሙናና የመኪና ዘይት ተጠራርጎ የሚገባው እዚያው ነው። የጣሪያ አሸንዳን በቀጥታ ወደ ኩሬው መልቀቅም ስህተት ነው፤ ከቆርቆሮ የሚታጠበው ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድ በተቻለ መጠን ይራቁ፤ ኤሌክትሪክ ለመሳብ ግን ከቤቱ ብዙም አይራቁ።

ልኩና ቁፋሮው

ለጀማሪ የምመክረው ልክ 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድ፣ 1 ሜትር ከ20 ጥልቀት ነው። ሲባዛ 7.2 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 7,200 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ቢያንስ እንኳ ከ4,000 ሊትርና ከ1 ሜትር ጥልቀት አይውረዱ። ጥልቀት የሌለው ውኃ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ከባድ ነው። ጥልቅ ውኃ ሙቀቱ ቶሎ አይለዋወጥም፤ ከወፍም መሸሸጊያ ይሆናል።

ግድግዳው ቀጥ ያለ ይሁን። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ኩሬ ለሽመላ ደረጃ ሠርቶ እንደ መስጠት ነው። ወለሉ ወደ አንድ ጥግ በትንሹ ያዘንብል፤ ቆሻሻው እዚያ ይሰበሰባል። አፉን በውኃ ልክ ዙሪያውን ያስለኩ። መሬቱ ለዓይን ደልዳላ ቢመስልም በ3 ሜትር ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ማዘንበሉ የተለመደ ነው፤ ይህ ደግሞ ኩሬው ሲሞላ በአንድ ወገን ላስቲኩ ተገልጦ ሲቀር ይታያል። ከመሬት በላይ አንድ ረድፍ ወይም ሁለት ረድፍ ብሎኬት ያስገንቡ። የክረምት ጎርፍ አይገባም፣ ትንሽ ልጅም ተንሸራቶ አይወድቅም። ቤት ውስጥ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ካለ ግን ብሎኬቱ አይበቃም፤ አፉ በጠንካራ የብረት መረብ ይሸፈን ወይም ዙሪያው ይታጠር። በዚህ ጉዳይ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ሲሚንቶ ወይስ ላስቲክ? እኔ ላስቲክ እላለሁ። ብዙ የአዲስ አበባ ግቢ የተቀመጠበት ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ከስሩ የሚንቀሳቀስ መሬት ላይ የተሠራ ቀጭን የሲሚንቶ ኩሬ መሰንጠቁ አይቀርም። አዲስ ሲሚንቶ ደግሞ ኖራውን ወደ ውኃው ይለቃል፤ ዓሣ የማይችለው ውኃ ይፈጠራል። ገበሬዎች ለውኃ ማቆሪያ የሚጠቀሙበት ጂኦሜምብሬን ይበቃል። የሚገዛው ልክ እንዲህ ይሰላል፦ ርዝመቱ ላይ የጥልቀቱን እጥፍና 60 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ ወርዱም እንዲሁ። ለኩሬያችን 6 ሜትር በ5 ሜትር ይመጣል። ብሎኬት ካስገነቡ ጥልቀቱን ከብሎኬቱ አናት ጀምረው ይለኩ። ከመዘርጋቱ በፊት ጠጠርና ሥር በእጅ ይለቀም፤ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይነጠፍ። ላስቲኩን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያለሰልሰው ቢዘረጉት በቀላሉ ይተጣጠፋል። በሚሞላበት ጊዜ አንድ ሰው በባዶ እግሩ ውስጥ ገብቶ እጥፋቱን ያስተካክል። ከአፉ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መረብ የለበሰ ትርፍ ውኃ ማስወጫ ቱቦ ማስገባትም አይዘንጋ፤ የነሐሴ ዝናብ ዓሣውን ከነውኃው ግቢ ላይ እንዳያፈሰው።

አየር

ከውጭ አገር መጻሕፍት ቀድተን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ ያው ውኃ የሚይዘው ወደ 7 ይወርዳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ስለዚህ ለቆላ የተጻፈው የዓሣ ቁጥር ለእኛ አይሠራም። ውኃው በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ አንድ ጊዜ ተዟዙሮ እንዲያልቅ፣ ለኩሬያችን በሰዓት ከ3,600 እስከ 7,200 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። የሚመለሰው ውኃ ከከፍታ እየተረጨ ይውደቅ፤ ድምፁም ያምራል፣ አየርም ይዞ ይገባል። ከፓምፑ በተጨማሪ ለብቻው የሚሠራ ባለ ባትሪ የአየር መንፊያ ይኑርዎ። መብራት ሌሊት ይጠፋል፤ ኦክስጅን ደግሞ ከሁሉም ጊዜ የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ኩሬ አጠገብ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ውኃ ሲፈስ በራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ባለሙያ ያስገባልዎ።

ማጣሪያውና የሚበስለው ውኃ

ዓሣ በስንጥቡ አሞንያ ያስወጣል። አሞንያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት በመጠኑ ዓሣን አይጎዳም፣ ተክልም ይመገበዋል። ማጣሪያ ማለት እንግዲህ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሠራ ቤት ነው።

ቤቱን ለመሥራት 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ይበቃል። በርሜሉ የኬሚካል ዕቃ ያልነበረ ይሁን። ውኃው ከታች ገብቶ መጀመሪያ በስፖንጅ ይለፍ፤ ከስፖንጁ በላይ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ድንጋይ ይሞላ። ይህ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ አረፋ ነው፤ በሺህ ቀዳዳ የተበሳሳ፣ ቀላል፣ ለባክቴሪያ መኖሪያ የተመቸ። ግን በደንብ ይታጠብ። እፍኝ ሬድ አሽ ባልዲ ውኃ ውስጥ ጨምረው ቢያማስሉ ውኃው ወዲያው ደም መስሎ ይቀላል፤ ያ ቅላት እስኪጠፋ ድረስ አሥር ጊዜም ቢሆን ይታጠባል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ኩሬው ሞልቶ፣ ክሎሪኑ ወጥቶለት፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ዓሣ ሳይኖርበት በየቀኑ ትንሽ የዓሣ መኖ ይጨምሩበት፤ መኖው ሲበሰብስ አሞንያ ይሰጣል። ከሚሠራ ኩሬ ማጣሪያ አንድ እፍኝ ያልታጠበ ድንጋይ የሚሰጥዎ ወዳጅ ካለ ጊዜው ያጥራል። አሞንያና ናይትራይት የሚለካ የውኃ መመርመሪያ ገዝተው በሳምንት ሁለቴ ይለኩ። መጀመሪያ አሞንያ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርድና ናይትራይት ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ። በሞቃት አገር አራት ሳምንት የሚበቃው ይህ ሥራ በደጋ ቀዝቃዛ ውኃ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ውኃው ጥርት ብሎ መታየቱ አያታልልዎ፤ አሞንያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም።

የቧንቧ ውኃ

በዚህ በኩል ያየሁትን ልናገር። በመጀመሪያ ኩሬዬ ሰባት ዓሦች ነበሩ። የቧንቧ ውኃ ለአራት ቀን ጠፍቶ ማታ ላይ መጣ፤ ኩሬው ጎድሎ ስለነበር ጎማውን ለቅቄበት ተኛሁ። ንጋት ላይ ስወጣ ዓሦቹ ከጎማው አፍ በጣም ርቀው በአንድ ጥግ ተጠጋግተው አፋቸውን ወደ አየር ከፍተው ነበር። አንዱን በመረብ ሳነሳው ቆዳው በነጭ ልጋግ ተሸፍኗል፤ ስንጥቡ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ጫፉ ገርጥቷል። እስከ ቀትር አምስቱ ሞቱ። ለሰው የሚበጀው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል።

ስለዚህ የቧንቧ ውኃ በቀጥታ ኩሬ ውስጥ አይግባ። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለኩሬው ብቻ ይመድቡ፤ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውኃው በአየር መንፊያ እየተናወጠ ሁለት ቀን ይቆይ። በተከደነ ሮቶ ውስጥ ክሎሪን ቶሎ አይወጣም። የሚያስቸኩል ነገር ከመጣ ሶድየም ታዮሰልፌት የሚባለው ክሎሪን አጥፊ ወዲያው ይሠራል፤ ዕሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። በየሳምንቱ ከኩሬው አንድ አሥረኛውን፣ ማለትም 700 ሊትር ገደማ፣ ቀድተው በዚህ በቆየ ውኃ ይተኩ። የወጣው ውኃ ማዳበሪያ ስለሆነ ጎመንና ቃሪያው ሥር ይፍሰስ።

ዓሣው ሲገባ

በሦስት ይጀምሩ፤ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑትን። ከወር በኋላ ሁለት ይጨመራሉ። በዚህ ኩሬ ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ አላስቀምጥም። ሲገዙ ቀለሙን ከማየትዎ በፊት እንዴት እንደሚዋኝ ይመልከቱ፦ ክንፉን አጣብቆ ከታች የተኛ፣ ገላውን ከግድግዳ የሚያሽ፣ ቁስል ያለበት አይገዛም። የመጣበት ላስቲክ ለ20 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ኩሬው ላይ ይንሳፈፍ። ከዚያ ዓሣው ብቻ ይግባ፤ የላስቲኩ ውኃ በውጭ ይፍሰስ። በኋላ የሚጨመሩት ግን በሌላ ዕቃ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተለይተው ይታያሉ። አዲስ ኮይ ይዘላል፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ኩሬው በመረብ ይሸፈን። መረቡን ከዚያ በኋላም ባያነሱት ሽመላንና ድመትን ይከለክልልዎታል።

ካርፕ ጨጓራ የለውም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መስጠት ይሻላል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የማያልቅ መኖ በዝቷል ማለት ነው። ውኃው ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ መኖው ይቀነስ፣ ከ10 በታች ሲሆን ዓሣው ምንም አይብላ። ማጣሪያው ሲደፈን በኩሬው ውኃ ብቻ ይታጠብ፤ በቧንቧ ውኃ ያጠበ ሰው ስምንት ሳምንት የጠበቃቸውን ባክቴሪያዎች በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስም በርሜሉ ውስጥ የቆመው ውኃ መጀመሪያ በውጭ ይፍሰስ።

ለጥላና ለውበት ቄጠማ ወይም ደንገል በዕቃ ተክለው ጠርዙ ላይ ያስቀምጡ። አበባው ቢያምርም እምቦጭን ግን በፍጹም አያስገቡ፤ ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። ዓሣውም እንዲሁ ነው። ኮይ ይራባል፤ አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ትርፍ ጫጩት ሲኖርዎ ኩሬ ላለው ሰው ይስጡ፣ ወንዝ ውስጥ ግን አይልቀቁ። ከአዲስ አበባ ወንዞች የገባ ዓሣ መንገዱ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ ነው።