ስለ ሥራ፣ ስለ ጨዋታና ስለ ባልንጀራ

ሰው ለሥራ ተፈጥሯል፤ ነገር ግን ለሥራ ብቻ አልተፈጠረም። ቀንበሩ ከጫንቃው የማይወርድለት በሬ ፈጥኖ ይደክማል፤ ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚያድር ቀስትም ጉልበቱን ያጣል። የሰውም ኃይል እንደዚሁ ዕረፍት ካላገኘ ይጠፋል። ስለዚህ አባቶች ለሥራም ለጨዋታም ጊዜ ለዩ። ዳሩ ግን ሥራ ሕግ እንዳለው ሁሉ ያውቃል፤ ጨዋታም ሕግ እንዳለው ግን ብዙ ሰው ይዘነጋል። አለቃ በማያዝበት፣ ጸሐፊም በማይጽፍበት ቦታ የሰው ልብ ምን እንደ ሆነ የሚገለጠው በጨዋታ ጊዜ ነውና፤ ይህ ነገር በማስተዋል ሊመረመር ይገባል።

አቃቂ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ስፍራ ነው። ስሙ ከወንዙ ስም ጋራ አንድ ነው፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ከዚያም በኋላ ጨርቅ የሚሠሩና ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች በየጊዜው ተተከሉበት። ስለዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ጤፍ ከሚዘራበት ጥቁር አፈር ብዙ ሳይርቅ የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ የገበሬ ልጅም የፋብሪካ ሠራተኛ ይሆናል።

የፋብሪካ ሥራ በሰዓት የተለካ ነው። ገበሬ ፀሐይን አይቶ በሬውን ይፈታል፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ግን መግቢያውም መውጫውም በመዝገብ ይጻፋል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ሕግ አሠሪውን ከመጠን በላይ እንዳያሠራ ይከለክለዋል፤ ሠራተኛውም የተቀጠረበትን ሰዓት ሳያጎድል እንዲሠራ ይገባዋል። ከዚያ የቀረው ጊዜ የገዛ ራሱ ነው። በገዛ ራሱ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ግን ከሥራው ሰዓት ይልቅ ጠባዩን ያሳያል።

ይህም እንዲታወቅ በአቃቂ የሚኖሩ ሁለት ባልንጀሮች ለምሳሌ ይነገሩ። ሁለቱም በልጅነታቸው በወንዙ ዳር ጥጃ ይጠብቁ ነበር። በዚያን ጊዜ ከወንዙ ይዋኙ ነበር፤ ዛሬ ግን ውሃው በከተማና በፋብሪካ ፍሳሽ ስለ ተበላሸ ልጆች እንዳይገቡበት ይከለከላሉ። ባደጉ ጊዜ ሁለቱም በአንድ የብረት ሥራ ቤት ተቀጠሩ። አንዱ የቶርኖ ሠራተኛ ሆነ፤ ሁለተኛውም ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ይጽፍ ነበር።

በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ጠዋት ብርዱ ጸንቶ ነበር። የቶርኖ ሠራተኛው ከአልጋው ለመነሣት ሰንፎ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ። ከበሩ እንደ ቆመም ወደ ባልንጀራው ተመለከተ፤ በአፉ ምንም አልተናገረም፤ ዓይኑ ግን "ሁለት ሰዓት ብለህ ጻፍልኝ" ይል ነበር። ተቆጣጣሪው አንገቱን ደፍቶ ሁለት ሰዓት ከሃያ ብሎ ጻፈ።

በዚህ ምክንያት የሠራተኛው ልብ ቀኑን ሙሉ ታወከ። ቶርኖ ልብን የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ብረቱ እየዞረ ስለቱ በጥቂት በጥቂቱ ይልገዋል፤ የጎደለው ሊጨመርበት ግን አይቻልም። እርሱም ቂሙን እያሰበ ስለ ሠራ አንዱን ብረት ከልኩ አሳንሶ አበላሸ። ምሳም በደረሰ ጊዜ እንደ ልማዳቸው ከአንድ ምሳ ዕቃ አልበሉም። ተቆጣጣሪው ሽሮውን ከፍቶ "ና እንጂ እንብላ" ቢለው፣ "ጠግቤአለሁ" ብሎ ብቻውን ተቀመጠ። እነሆ፣ ሃያ ደቂቃ አንድ ሙሉ ቀን አበላሸ፤ ያበላሸው ግን የተጻፈው ቍጥር ሳይሆን ቂሙ ነው።

በ11 ሰዓት ሥራው አለቀ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ፣ ለጨዋታ አንድ ሰዓት ያህል ብርሃን ቀርቶ ነበር። እህል ታጭዶ ሜዳው ስለሚለቀቅ፣ ይህ ወር የገና ጨዋታ ወር ነው። የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ነው። አበው ሲተርኩ እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ ከደስታ የተነሣ በዱላቸው ተጫወቱ ይላሉ። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ የምትመታዋም ድቡልቡል ነገር ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ወይም ከጠፍር ትሠራለች። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ሩሯን ከሜዳው መካከል አንሥተው እያንዳንዱ ወገን ወደ ሌላው ዳርቻ ለማሳለፍ ይታገላል። የሰውም ቍጥር በጥንቱ ልማድ የተወሰነ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ መንደር ከመንደር ይገጥማል።

በዚህ ጨዋታ የከበረና የተዋረደ የለም። ሎሌ የጌታውን ሩር ይቀማል፤ ጌታውም ቢመታ እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ያዛል። ይህ ልማድ እጅግ መልካም ነው። ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው አንድ ቀን ከአለቃው ጋራ ትከሻ ለትከሻ ይሮጣልና። ነገር ግን መልካም ልማድ ሁሉ ክፉ ሰው የሚደበቅበት ጥላ ሊሆን ይችላል። ቍጣ በተከለከለበት ቦታ፣ ቂመኛ ሰው የልቡን ሠርቶ "ጨዋታ ነው" ሊል ይችላልና።

በዚያን ማታ ሁለቱ ባልንጀሮች በተለያየ ወገን ተሰለፉ። ጨዋታው በጋለ ጊዜ ሩሯ ከተቆጣጣሪው እግር አጠገብ ወደቀች። የቶርኖ ሠራተኛው በቀስታ ገፍቶ ሊወስዳት ይችል ነበር። እርሱ ግን ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረ፤ ዱላውም ሩሯን አልፎ የባልንጀራውን ቅልጥም መታ። ተቆጣጣሪው ወደቀ። ተጫዋቾቹም "በገና ጨዋታ ቍጣ የለም" አሉ፤ የወደቀውም ራሱ "ምንም አይደለም" ብሎ እያነከሰ ከሜዳው ወጣ። የሠራተኛውም ወገን ሩሯን ነድቶ አሸነፈ፤ እልልታና ጭፈራም ሆነ። እርሱ ግን በዘፈኑ መካከል ቆሞ አፉ አልከፈት አለው። ማንም አልከሰሰውም፤ ሕሊናው ግን ከሰሰው።

ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት ጊዜ ተቆጣጣሪው የገና ዱላውን ተመርኩዞ ይሄድ ነበር። የቶርኖ ሠራተኛው ጥቂት ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ እንዲህ አለው፦

"ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ዱላው ሩሯን ስቶ ነው ብሏል። እኔ ግን የፈለግሁት ያንተን እግር ነበር። ጠዋት ስለ ጻፍህብኝ ቂም ይዤብህ ዋልሁ።"

ተቆጣጣሪውም ቆመ፤ ብዙ ጊዜም አልመለሰለትም። በኋላ ግን እንዲህ አለ፦

"እግሬ እጅግ ያመኛል፤ አያመኝም ብዬ አልዋሽህም። ያንን ሃያ ደቂቃ ስጽፍም እጄ ከብዶኝ ነበር። ነገር ግን ያንተን ብተውልህ፣ ነገ ዘግይቶ የሚመጣው ሌላው ሰው ወዳጄ ስላልሆነ ብቻ ይቀጣል። አሁን የነገርኸኝን ባትነግረኝ ማንም አያውቅብህም ነበር። አንተም ማንም በማያይህ ስፍራ እውነቱን ጻፍህ።"

የቶርኖ ሠራተኛውም በዚያው ማታ ደግፎ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው፤ የሕክምናውንም ዋጋ ከፈለ። በማግስቱ ማልዶ ወደ ሥራ ቤቱ ሄዶ፣ ባልንጀራው የቀረው በእርሱ ጥፋት መሆኑን ለአለቃው ተናገረ። ባልንጀራው ደኅና አድርጎ እስኪራመድም ድረስ የገና ዱላ አልያዘም።

እንዲህ ያለ ፈተና የሚገኘው በአገራችን ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ አለ። በያንዳንዱ ወገን 9 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን የቆመው በድቡልቡል ዱላ ይመታል፤ መትቶም አራቱን ማዕዘን ዞሮ ከተመለሰ ይቆጠርለታል። ወርዋሪው ኳሱን በመቺው ገላ ላይ ቢያሳርፈው፣ መቺውም ሊሸሽ ሞክሮ ሳያመልጥ ቢቀር፣ በሕጉ መሠረት ወደ መጀመሪያው ማዕዘን እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ሕግ ለተመታው ካሣ ሊሰጠው ይችላል። የወርዋሪው እጅ ስቶ እንደ ሆነ ወይም ቂም ይዞ እንደ ሆነ ግን፣ በሜዳው ዳኛ ቢቆምም ሁልጊዜ ሊያውቅ አይችልም። ያንን የሚያውቀው ወርዋሪው ራሱ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ሦስት ነገር ተማሩ። መጀመሪያ፣ ወዳጅነት እውነትን ለማጣመም ምክንያት አይሁን፤ ለወዳጁ ብሎ መዝገብ የሚያጣምም ወዳጅ ለሌለው ሰው ጠላት ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሥራን ቂም ወደ ጨዋታ አታምጡ፤ ጨዋታ የደከመውን ልብ ለማሳረፍ እንጂ የቆሰለውን ልብ ለመበቀል አልተሰጠም። ሦስተኛ፣ የበደላችሁትን ሰው ሌሎች "ጥፋት የለባቸውም" ቢሏችሁም እናንተ በምታውቁት ፍረዱ። ቶርኖ የላገው ብረት አይመለስም፤ የተሰነዘረም ዱላ አይመለስም፤ የባልንጀራ ልብ ግን እውነት በመናገርና በመካስ ሊመለስ ይችላል።

ጥያቄ።

1. ተቆጣጣሪው ሃያውን ደቂቃ የጻፈው ስለ ምን ነው? ባይጽፍ ማን ይጎዳ ነበር?

2. በገና ጨዋታ ቍጣ መከልከሉ መልካም የሚሆነው መቼ ነው? ክፉ የሚሆነውስ መቼ ነው?

3. የቶርኖ ሠራተኛው ወገኑ ባሸነፈ ጊዜ ደስ ያላለው ስለ ምንድር ነው?

4. ይቅርታ ከመለመን በቀር የቶርኖ ሠራተኛው ምን ምን አደረገ?