ኬሞቴራፒ በደም ሴሎቻችን ክሮሞሶም ላይ ምን ያደርጋል?



በዛሬው ትምህርታችን የምናየው የጤና ተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን በቤቱ የካንሰር ታማሚ ያለውን ሁሉ የሚመለከት ጥያቄ ነው፦ ካንሰርን የሚገድለው መድኃኒት ጤነኛውን የደም ሴል ምን ያደርገዋል?

የሰው ሴል 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት በትክክል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ሴል ሲከፋፈል ክሮሞሶሞቹን አባዝቶ ለሁለቱ አዳዲስ ሴሎች እኩል ያካፍላል። የካንሰር ሴል ያለ ልክ ስለሚከፋፈል አብዛኞቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ይህንኑ ሥራ ያውካሉ፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል፦

1. ሳይክሎፎስፋማይድና ሲስፕላቲን ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቀው እንዳይባዛ ያደርጉታል።
2. ዶክሶሩቢሲንና ኢቶፖሳይድ ዲኤንኤን ቆርጦ መልሶ የሚቀጥለውን ኢንዛይም ያግዳሉ። የተቆረጠው ሳይቀጠል ይቀራል።
3. ቪንክሪስቲን ክሮሞሶሞቹን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትቱት ክሮች እንዳይሠሩ ያደርጋል። በዚህም የክሮሞሶም ቁጥር ሊዛባ ይችላል።

መድኃኒቱ ግን ጤነኛውን ከታመመው አይለይም። ይህን በላቦራቶሪ ማየት ይቻላል። ከታማሚው ጥቂት ደም ይወሰድና ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች እንዲከፋፈሉ ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ ፕሮቲን ይጨመርባቸዋል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ካደጉ በኋላ ክፍፍላቸው በኮልቺሲን እንዲቆም ተደርጎ፣ ቀለም ተቀብተው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። የተሰበሩ፣ ከሌላ ጋር የተጋጠሙ ወይም ቀለበት የሠሩ ክሮሞሶሞች ይቆጠራሉ።

ከተጎዱት ሴሎች ብዙዎቹ ይጠገናሉ ወይም ይሞታሉ። ነገር ግን በመቅኔ ውስጥ ያለ የደም እናት ሴል ጉዳቱን ይዞ ከተረፈ፣ በጥቂት ታማሚዎች ላይ ከዓመታት በኋላ ሉኪሚያ ሊከተል ይችላል። እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ካሉት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ ይመጣል፤ የ5ኛው ወይም የ7ኛው ክሮሞሶም መጉደልም ይታይበታል። እንደ ኢቶፖሳይድ ካሉት በኋላ ግን ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

ታዲያ ሕክምናው ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ያልታከመ ካንሰር የሚያስከትለው አደጋ ቅርብ ነው፤ ይህኛው ግን ሩቅና ጥቂቶችን ብቻ የሚያገኝ ነው። ዘመዳችን ፈርቶ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ቢል ልናስረዳው የሚገባን ይህንን ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላም የደም ምርመራ ክትትሉን እንዳይተው እናሳስበው።

ነገ በሆስፒታል የምንሠራም ሆንን ዛሬ በቤት የምናስታምም ራሳችንንም እንጠብቅ። መድኃኒቱን ያለ ጓንት አንንካ፤ ክኒኑን አንጨፍልቅ። ታማሚው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ሽንቱንና ትውከቱን ስናጸዳም ጓንት እናድርግ።