ለቡሄ ድንኳን የምትጥሉ

ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር በእንግዳ ትሞላለች። የጉናን ገብስ ቆሎና በሶ አድርጋችሁ ለመሸጥ አዲስ ሥራ የጀመራችሁ፣ ብራችሁን ሁሉ ባነር ላይ አትጨርሱ። መንገደኛን የሚያቆመው የሚቆላ ገብስ ሽታ ነው፤ ምጣዱ ከፊት፣ ነፋሱ ወደ ሰዉ በሚወስድበት በኩል ይሁን። ጥሬውን በሰፌድ አቅርቡት፣ ሰው ዘግኖ ይየው። ዋጋውን በኪሎም በኩንታልም በትልቁ ጻፉ፤ ነጋዴ ዋጋ ካላየ ያልፋል።

ክረምት ነውና ጆንያውን መሬት ላይ እንዳታሳርፉት፣ እንጨት ደርድሩበት። (እኔ አንዴ ናሙናዬ ረጥቦ ገዢው አሽትቶ ጥሎኝ ሄዷል!) አዲሱ ገብስ ገና ማሳ ላይ ስለሆነ እጃችሁ ያለው የአምናው ነው፤ "አዲስ ነው" አትበሉ፣ ገዢው ያውቃል። ስንት ኩንታል እንደቀራችሁ ከነስልካችሁ ጽፋችሁ ለጥፉ።