የወተት እፍግታና የመለኪያው አጻጻፍ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ መርሳ ሳይደረስ በምትገኘው በውርጌሳ ወተት የሚገዛ ሰው ዓይኑንና ምላሱን ብቻ ምስክር ቢያደርግ አይበቃውም። በወተት ላይ ውኃ የሚጨምር ሻጭ ቢያጋጥም፥ ከገንዘቡ መባከን ይልቅ የሚከፋው፥ ውኃው ከወንዝ የተቀዳ እንደ ሆነ የአንጀት ተስቦንና ተቅማጥን ለሕፃናት ማጠጣቱ ነው።

ይህን ለመመርመር የሚረዳን እፍግታ ነው፤ ይኸውም በተወሰነ ይዘት ውስጥ ያለው ክብደት ነው። ንጹሕ የላም ወተት በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ1.028 እስከ 1.033 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ይመዝናል፤ ውኃ ግን 1 ያህል ነው።

አንባቢውን የሚያደናግረው አጻጻፉ ነው። አንዱ መጽሐፍ 1.030፥ ሌላው 1030 ይላል፤ ላክቶሜትር በሚባለው የወተት መለኪያ አንገት ላይ ደግሞ 30 ብቻ ይነበባል። ሦስቱም አንድ ናቸው። 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ ተማሪው 1 ሜትር ኩብም 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይመስለዋል። ነገር ግን ርዝመቱም፥ ወርዱም፥ ቁመቱም 100 ነውና ብዜቱ 1,000,000 ይሆናል። እንግዲህ 1.030 ግራም በ1,000,000 ሲባዛ 1,030,000 ግራም፥ ማለት 1030 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው። በአጭሩ፥ በ1000 ማባዛት ነው። ወደ ኪሎ ግራም በሊትር ሲለወጥ ግን ቁጥሩ ከቶ አይለወጥም፤ 1 ሊትር 1000 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ 1 ኪሎም 1000 ግራም ነውና። ላክቶሜትሩ የሚያሳየው ከ1000 በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው።

መምህራን ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ቢያሠሩት መልካም ነው፦ 9 ሊትር ወተት በ1.030 ሲባዛ 9.27 ኪሎ ነው፤ 1 ሊትር ውኃ ሲጨመርበት 10.27 ኪሎ ይሆናል። ለ10 ሊትር ሲካፈል 1.027 ይወጣል፤ ላክቶሜትሩም ከ30 ወደ 27 ይወርዳል። ላክቶሜትር ከሌለ ሚዛን ይበቃል፤ ዳሩ ግን የ1 ሊትር ወተትና የ1 ሊትር ውኃ ልዩነት 30 ግራም ብቻ ስለ ሆነ፥ የገበያ ሚዛን አይለየውም። 10 ሊትር ቢመዘን ግን ልዩነቱ 300 ግራም ይደርሳል። የዕቃው ክብደት አስቀድሞ መቀነስ አለበት።

ወተት ሲሞቅ ይሳሳል፤ ስለዚህ እንደ ውርጌሳ ባለ ሞቃት አገር በቀትር የተለካ ወተት ያለ ጥፋቱ ውኃ የገባበት ሊመስል ይችላል። መሣሪያው በተሠራበት የሙቀት ልክ አቀዝቅዞ መለካት ይገባል።

ተንኰለኛም አለ። ቅባት ከውኃ ይቀላልና ስልባቦቱ የተገፈፈ ወተት እፍግታው ከፍ ይላል፤ በላዩ ውኃ ቢጨመርበት ቁጥሩ ተመልሶ 30 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ለመግለጥ የቅባቱን መጠን ለብቻው መለካት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ 30 የሆነ ወተትም ቢሆን ሳይፈላ አይጠጣም፤ ላክቶሜትር ተሐዋስያንን አያይምና።