ካርድሽን እስቲ አምጪው

ካርድሽን እስቲ አምጪው። «ደህና ነኝ» ስትዪ አልሰማሽም፤ አንቺ ምጥ ላይ ሆነሽም ደህና ነኝ የምትዪ ሴት ነሽ። ይኸው ግፊትሽ፤ በአራተኛው ወር 110 በ70። በስድስተኛው 130 በ84። ትናንት 148 በ96፣ ሽንትሽ ላይም ፕሮቲን ተገኝቷል። ከላይ «መንታ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያየው እሱን ብቻ ነው። አዋላጇ የጻፈችልሽ የሪፈር ወረቀትስ የት ሄደ? ቦርሳሽ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ተኝቷል። የበዓሉ ሥራ ይለፍ ብለሽ ነው፣ አውቅሻለሁ።

ነገ ጠዋት ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን። ፍኖተ ሰላም ይቀርባል፤ ደብረ ማርቆስ ይሻላል ካልሽ ማርቆስ። እሱን ምረጪ፤ መቅረትን ግን አትምረጪ። እህቴ እንደ ፖሊስ አዘዘችኝ እንዳትዪ ደግሞ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ይሄ በሽታ ሲጀምር አያምም። ጥርስ ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጮህሽ አድሮ ጎህ ሲቀድ ሐኪም ቤት በር ላይ ትገኚ ነበር። ግፊት ግን ስትጋግሪም፣ ስትስቂም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ስትጠጪም ዝም ብሎ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚሰማሽን ትተሽ የተለካውን እመኚ። ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ፣ አርፈሽ ከአራት ሰዓት በኋላ ሲለካም እዚያው ካለ፣ የእርግዝና ግፊት ይሉታል። ሽንት ላይ ፕሮቲን ሲታከልበት ፕሪኤክላምፕሲያ ይሆናል። 160 በ110 ከገባማ «ነገ» የሚባል ነገር የለም፤ በዚያችው ሰዓት ነው።

«ከባጃጅ ወርጄ እያለከለክሁ ስለተለካሁ ነው» አልሽ። ይሆናል። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን የሚጨምር ባጃጅ ግን የለም። ለወደፊቱ ግን ልክ ነሽ፤ አለካኩም ወግ አለው። ሽንትሽን ሸንተሽ፣ አምስት ደቂቃ ያህል አርፈሽ፣ ጀርባሽን አስደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ ተቀመጪ። ጋቢሽንና ሹራብሽን አውልቂ፤ ጨርቁ በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፣ ክንድሽም በልብሽ ትክክል ይረፍ። ሲለኩሽ ወሬ አታውሪ። ይሄኛው ይከብድሻል።

ደግሞ «ማን አናደዳት?» የሚለውን ተይው። እኛ አገር ግፊት ሁሉ ከብስጭት የመጣ ይመስለናል፤ ባልሽም ጥፋተኛ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። ነገሩ የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት የማሕፀን ሥሮች መስፋት ነበረባቸው። በደንብ ሳይሰፉ ሲቀሩ እንግዴ ልጁ ደም ያንሰዋል፤ ያኔ ወደ ደምሽ የሚለቃቸው ነገሮች የሰውነትሽን ሥሮች በሙሉ ያውካሉ፤ ኩላሊት፣ ጉበት፣ አንጎል አይቀራቸውም። መንታ ሲሆን ይህ የመምጣቱ ዕድል አንድ ከያዘችው እናት ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያሽ መሆኑም ይጨምርበታል። የንዴትም የስንፍናም በሽታ አይደለም።

አትሌቲክስ ስለምትወጂ ይሄን ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ወርቅ ከወሰዱት አሜሪካውያን መካከል አሊሰን ፌሊክስና ቶሪ ቦዊ ነበሩ። ፌሊክስ በ2018 ለክትትል እንደሄደች ግፊቷ ከባድ መሆኑ ታወቀ፤ ልጇን በ32ኛው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። ልጅቷም አደገች፣ እናትየዋም በ2021 ቶኪዮ ላይ ሁለት ሜዳሊያ አጠለቀች። ቦዊ በ2023 ስምንት ወር ገደማ እርጉዝ ሳለች ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ሞታ ተገኘች፤ የአስከሬን ምርመራው ሊሆኑ ይችላሉ ካላቸው ምክንያቶች አንዱ ኤክላምፕሲያ ነበር። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ከዓለም ፈጣን ከሆኑ ሴቶች ላይ የማይመለስ ነገር «ጠንካራ ነኝ» በማለት ከአንቺ አይመለስም፤ ብቻሽንም እንዳታድሪ ብዬ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ እዚህ ደምበጫ ከሁሉ የምፈራልሽ ምችን ነው። ራስሽን ሲያምሽ አማትሽ ምን እንደሚሉ እኔም አንቺም እናውቃለን፦ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ቀንጥሱላት»። ዳማከሴው ታሽቶ በአፍንጫሽ ይገባል፣ ጋቢ ተከናንበሽ ትተኛለሽ፣ ቤቱም ጸጥ ይላል። ክፉ አስበው አይደለም፤ ሰባት ልጅ ያሳደጉበት እጅ ነው። የግፊት ራስ ምታት ግን እንቅልፍ እየጠበቀ የሚለቅ አይደለም። ግንባርሽን ወይም ማጅራትሽን ይዞ ፓራሲታሞል ውጠሽም ካልተወሽ፣ ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለ ወይም ከደበዘዘ፣ ከቀኝ ጎድን አጥንትሽ ሥር ወይም ልብሽ ሥር ካመመሽ፣ በአንድ ሌሊት ፊትሽ አብጦ ቀለበትሽ አልወጣ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ይጠራ። እግር ማበጥማ በመንታ የተለመደ ነው፤ ፊትና እጅ ነው የማያስተኛኝ። የልጆቹ እንቅስቃሴ ሲቀንስብሽም እንደዚያው፤ «ተኝተው ይሆናል» አትበዪ።

አማትሽንና ባልሽን ጠርተሽ ደግሞ ይሄን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ድንገት ብትወድቂና ብትንቀጠቀጪ የሚጥል በሽታም፣ የሰው ዓይንም አይደለም፤ ግፊቱ አንጎል ላይ ወጥቶ ነው። ክብሪት አያሽትቱሽ። ጥርስሽ መካከል ማንኪያ አያስገቡ። በግራ ጎንሽ ያስተኙሽ፣ ምራቁ ይውጣ፣ ከዚያ ጉዞ። ጸበል ይምጣ ካሉ ይምጣ፤ መኪናው ውስጥ ይርጩሽ፣ መኪናው ግን አይቁም። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ማግኒዝየም ሰልፌት የሚባል መርፌ ይሰጡሻል፤ በደም ሥርና በሁለቱም መቀመጫሽ ላይ። ያቃጥላል፣ ሰውነትሽን ያግለዋል፤ አትደንግጪ። በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ሲታወቅ መንቀጥቀጡን በግማሽ ያህል ቀንሶት ተገኝቷል። ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ነው፤ ጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን ሰጥቶ ነው ወደ ሆስፒታል የሚያሻግርሽ።

ስለ ክኒኑ። ነገ የሚሰጡሽ ሜትልዶፓ ወይም ኒፍዲፒን ሊሆን ይችላል። ሜትልዶፓ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል፤ ኒፍዲፒን ፊትሽን ያግለዋል፣ ራስም ያሳምማል፤ ራስ ምታቱ የክኒኑ ይሁን የግፊቱ አንቺ አትፍረጂ፣ ሄደሽ ተለኪ። እማዬ ለራሷ ግፊት ከምትውጣት ኢናላፕሪል ግን አንዲት ፍሬ እንዳትነኪ። ስሙ የግፊት መድኃኒት ነው፤ ለእርጉዝ ግን አይሆንም፣ የልጆቹን ኩላሊት ይጎዳል። «ያው ግፊት አይደል» ብለው ከሚያካፍሉን ደግ ሰዎች ይጠብቅሽ።

ጾሙን አውቃለሁ፤ አንቺ ረቡዕና ዓርብን ያልጾምሽበት ሳምንት የለም። ግን አፌ ሳይሟሽ ልዋል ብለሽ የማለዳዋን ክኒን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ስትገፊያት፣ መድኃኒቱ በሌለበት ሰዓት ግፊቱ እንደልቡ ይወጣል። የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂና እንዲህ በያቸው፦ «መንታ ይዣለሁ፣ ግፊት አለብኝ፣ ክኒኑ ጠዋት ነው»። በሕመምሽ የሚጨክኑብሽ አይመስለኝም። ካፈርሽ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።

ምግብ ላይ ብዙ አልጨቀጭቅሽም። ሽሮውን ጨው አልባ ማድረግ ይሄን በሽታ አያስቀረውም፤ ደግሞ ሁለት ልጅ ተሸክመሽ የማይበላ ወጥ እየበላሽ አትክሺ። እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ባቄላውን ጨምሪ። ካልሲየም ካዘዙልሽ ዋጪው፤ ወተት በማይጠጣ ቤት ለዚህ በሽታ ጠቃሚ ነው የሚባለው። ከአይረኑ ጋር ግን አንድ ላይ አትዋጪው፣ በሰዓት አራርቂያቸው። ቡና ከአይረን ጋር አይሆንም፤ አቦሉ ይበቃሻል፣ ቶናና በረካው ለጎረቤት። የደምበጫ አረቄማ ስሙ አገር ያዳረሰ ቢሆንም፣ «ለመድኃኒት ናት» ብለው በመለኪያ ቢያቀርቡልሽም፣ አንቺ ጋ አይደርስም። ጤና አዳምም ከቡናሽ ይውጣ፤ ለእርጉዝ አይመከርም። ቀን ከሌት መተኛትም መድኃኒት አይደለም፤ ስትተኚ ግን በጎንሽ ሁኚ፣ በጀርባሽ ከሆንሽ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል።

መውለጃሽ ሆስፒታል ነው። ጤና ጣቢያዋን ንቄ አይደለም፤ ትናንት ያወቀችብሽ እሷ ናት። መንታና ግፊት አንድ ላይ ሲመጡ ግን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፣ ደም ሊያስፈልግ ይችላል፣ ልጆቹም የማሞቂያ ክፍል ሊፈልጉ ይችላሉ። ምጥ እስኪመጣ ደግሞ አትጠብቂም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ውጊያ ከገባ ወዲህ መንገዳችን እንዴት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ተዘግቶ ሊያድር ይችላል። የቃሬዛ ሰው ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተማክሮ፣ ስልክ ሲያስቸግር የሚመሽበት ጊዜ ነው የሚገድለው። ሐኪሙ «ቅርብ ሁኚ» ካለሽ ቀን ጀምሮ ከሆስፒታሉ አጠገብ የእናቶች ማቆያ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ማርቆስ እኔ ቤት ትሆኛለሽ። ማቆያ የድሃ መጠለያ አይደለም። ጉራጌ አገር አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የጀመረው፤ የ22 ዓመት መዝገቡ ሲታይ በማቆያው በኩል ገብተው ከወለዱት የሞቱት እናቶች ከሌሎቹ እጅግ ያነሱ ነበሩ። ላሟን ማን ያልባል እንዳትዪኝ፤ ባልሽ ያልባል።

መቼ ትወልጃለሽ? እሱን ሐኪሙ ነው የሚቆርጠው። ግፊቱ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ እስከ 37ኛው ሳምንት ለመግፋት ይሞከራል፤ ካልተያዘ አስቀድመው ያዋልዱሻል፣ ምክንያቱም በሽታው መሄድ የሚጀምረው እንግዴ ልጁ ሲወጣ ነው። ቀድመው የሚወጡ ከመሰላቸው ለልጆቹ ሳንባ የሚሆን መርፌ ለአንቺ ይወጉሻል። ትንንሽ ሆነው ከተወለዱም ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርገሽ ታቅፊያቸዋለሽ፤ አንዱን አባትየው ይቀፈው፣ ጡት የለኝም ብሎ አያመልጥም።

ከወለድሽ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። «ማርያም ማረችሽ» ተብሎ እልልታው ሲቀልጥ፣ ገንፎው ሲገነፋ፣ ግፊቱ አብሮ የወጣ ይመስላል። አልወጣም። ከወለድሽ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ከፍ ሊል ይችላል፤ መንቀጥቀጡም ከወሊድ በኋላ የሚመጣባት እናት አለች። ስለዚህ ክኒንሽን በራስሽ አታቋርጪ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ ከዚያም ሳምንት ሳይሞላሽ ትለኪያለሽ። አራስ ከቤት አይወጣም የሚል ሰው ካለ ብረትሽን በእጅሽ ያዢና ውጪ፤ ወይም የጤና ኤክስቴንሽኗ ትምጣ። የአራስ ራስ ምታት ሁሉ ብርድ አይደለም።

በ40 ቀኑ አካባቢ የወሊድ መከላከያ ሲያማርጡሽ ግፊት እንደነበረብሽ ተናገሪ፤ ኢስትሮጅን ያለባቸው ክኒኖች ለአንቺ አይመቹም፣ በክንድ የሚቀበረው ግን ይሆንሻል። ልጆቹ ካደጉ በኋላም በዓመት አንዴ ተለኪ፤ በእርግዝና ግፊት ያየች ሴት ወደፊትም ልታየው ትችላለች። እግዜር ቢልና ሌላ ብታረግዢ ደግሞ ሆድሽ እስኪታይ አትደብቂ፤ ሦስተኛው ወር ላይ ሄደሽ «ባለፈው ፕሪኤክላምፕሲያ ነበረብኝ፣ ትንሿ አስፒሪን ትገባኛለች ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከ20ኛው ሳምንት በፊት ስትጀመር ነው የምትረዳው፤ አሁን አልፎሻል፣ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ይህን ካርድ አትጣዪው፤ ያኔ የሚያዩሽ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።